በመስኮት የታየው ትምህርት

ሥራችሁ ለማንም የማይታይ መስሎ ተሰምቷችሁ ያውቃል? ሸዋ ሮቢት ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት እኔ ተሰምቶኛል። በትምህርት ቤታችን መምህር የሚመሰገነው በዓመቱ መዝጊያ ብቻ ነበር። ግንቦት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ባልደረቦቼ ቅዳሜና እሁድን ደብረ ሲና፣ ቤተሰባቸው ዘንድ ያሳልፋሉ፤ እኔ በኪራይ ክፍሌ አንድ ቃል ሳልናገር ይመሽብኛል። አንድ እሁድ የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ።

ሰኞ ላስገባው ስሄድ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ አገኙኝ።

"ዓርብ ክፍልፋይን በፓፓያ ስታስተምሪ በመስኮት አየሁሽ። ሩቧን ማን በላት?"

"ተማሪዎቹ ናቸው፣ ጋሼ።"

"እኔን ሳትጠሪ!" ብለው ሳቁ።

ማመልከቻውን ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። ብቸኝነቱ አልለቀቀኝም፤ ግን ከሰዓት በኋላ ሲሶን የማሳይበት ሌላ ፍሬ ፍለጋ ገበያ ወጣሁ።

እናንተም ዛሬ ከአንድ ባልደረባችሁ ሥራ ያያችሁትን ለይታችሁ ንገሩት፤ እስቲ ሞክሩት።