ሰኞ የሚባለው ልብስ ሰፊ

በሰፈሩ ሁሉ ሰኞ ይሉታል። ጨርቅ ይዞ ለመጣ ሰው «ሰኞ ብቅ በል» ከማለት ሌላ መልስ ስለሌለው የወጣለት ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስትናደድ ትረሳዋለች። ያን ሳምንት ከነጭራሹ ረስታው ነበር።

ሰነፍ ነው እንዳትል ሰነፍ አይደለም። የተተረተረ ሱሪ ወይም ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ ያመጣ ሰው ምን እንደገጠመው አውርቶ ሳይጨርስ ዕቃው ተሰፍቶ እጁ ላይ ይቀመጥለታል። ብልሽት አይቶ ማለፍ አይችልም። አንድ ቀን የማያውቀውን መንገደኛ በር ላይ አስቁሞ በክር የተንጠለጠለች የኮት ቁልፉን ሰፍቶለታል። ጣጣው አዲስ ጨርቅ ነው። ያልተነካ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ልብስ ሰፊው መቀሱን ያነሳል፣ ያየዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ለሚስቱ ቀሚስ እንዲሆን ራሱ መርጦ ያመጣው ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅም እንዲሁ መደርደሪያ ላይ ክረምቱን ከረመ። የሚለበሰው ልጃቸው በምትመረቅበት ቀን ነው። ሚስቲቱ ትምህርቷን ከመሀል ያቋረጠች ሴት ናት። ልጇ ስልክ ደውላ «እማዬ፣ ፎቶ ስነሳ አጠገቤ የምትቆሚው አንቺ ነሽ» ስትላት አፏን ሞልታ «አባትሽ ቀሚሴን እየሰፋልኝ ነው» ብላ ነበር። ያላት ሌላ ደህና ልብስ ለሰርግም ለለቅሶም የምትለብሳት ቡናማ ቀሚስ ናት። የቀሚሷን ክርን ባሏ ደጋግሞ ከመጣፉ የተነሳ ከጨርቁ መጣፊያው ይበዛል። ያቺን ለብሼ ሄጄ ልጄን አላሳፍርም ብላ ቆርጣለች።

አርብ ጠዋት፣ ምርቃቱ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከኩሽና ወጥታ ሱቅ ወዳደረጉት የፊት ክፍል ገባች። ባሏ የስፌት መኪናውን ዘይት ይቀባል።

«ነገ እኮ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ። መኪናዋ እንዳታስቸግረኝ ብዬ ነው።»

«ትናንትም ቀብተሃታል።»

«ትናንት ላይ ላዩን ነው።»

ወደ ኩሽና ተመለሰች። ቆይታ ስትመጣ መቀሱን ይስላል። እንደገና ስትመጣ፣ ብርሃን ካልገባ ልክ አይታይም ብሎ የመስኮቱን መስታወት ይወለውላል። ከምሳ በኋላ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጠራት።

«እስቲ እጅሽን ዘርጊ፣ ልለካሽ።»

«ባለፈው ከለካኸኝ ወዲህ አላደግኩም።»

«ሰው ይለዋወጣል።»

«አንተ ብቻ ነህ የማትለወጠው።»

ጎረቤታቸው አትክልት ሻጯ በበሩ አንገቷን አስገባች። «ሰኞ፣ ቀሚሱን ለልጅ ልጃችሁ ምርቃት ታደርሰዋለህ አይደል?»

እሱ ሳቀ። ሚስቱ አልሳቀችም።

ጨርቁን ዘረጋና በጠመኔ አሰመረ። አራገፈው። እንደገና አሰመረ። እሷ አጠገቡ ቆማ ታያለች።

«አንድ ጊዜ መቀስ ከገባበት እኮ መመለሻ የለውም» አለ።

«ቀኑስ መመለሻ አለው?»

«ጠመኔው ወፍሮ ነው። ልቅረጸው።» ጀርባውን ሰጥቶ ምላጭ ፍለጋ መሳቢያውን ያምስ ጀመር።

መቀሱን ብድግ ያደረገችው ያን ጊዜ ነው። በዕድሜዋ ጨርቅ ቆርጣ አታውቅም። ከዳር ጀምራ ወደ ራሷ ሸረከተችው፤ መቀሱም መስመሩን ትቶ ወደ ፈለገው ዞረ። ድምፁን ሲሰማ ባሏ ዘወር አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች።

«አጣመምሽው» አለ ቀስ ብሎ።

«አጣምሜዋለሁ።»

«እንዲህ ተጣሞ ዝም ይባላል እንዴ?»

መቀሱን ከእጇ ወሰደ። «ይቺ ወደዚህ ብትመጣ... እዚህ ጋ አንድ ስፌት ቢጨመር... ወገቡን ጠበብ ባደርገው...» ለእሷ አይደለም የሚያወራው። መቀሱ ጨርቁን እየበላ ሄደ። ጀምበር ሳትጠልቅ እጅጌው ተገጥሞ ነበር። ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ማልቀስም መሳቅም አቃታት። ይህን ሁሉ ዓመት ስትለምነው፣ ስትቆጣው፣ ስታኮርፈው ኖራለች። ለካ ማበላሸት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

በማግስቱ ልጇ ከፎቶው በፊት ከእናቷ ትከሻ ወደ ወገቧ በሰያፍ የወረደውን ስፌት ዳሰሰችው።

«እማዬ፣ ይሄ አዲስ ፋሽን ነው?»

«የእኔ እጅ ነው» አለች እናት፣ ቀጥ ብላ ቆማ።

ባሌ ከዚህ አመሉ ዳነልኝ ብላ ነበር። ሰኞ ጠዋት ድስቷን ጥዳ ወደ ሱቁ ብቅ ስትል አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ያመጣው የሱሪ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ባሏ ደግሞ መኪናውን ይወለውላል። ቀና ሳይል መቀሱን ወደ እሷ ገፋ አደረገ።

«እስቲ ዳሯን አንድ ጊዜ ቁረጪልኝ።»

«የሰው ጨርቅ ነው፣ አንተ ሰውዬ።»

«እዚህ ጋ፣ ትርፉ ላይ።»

«ትርፍ ከሆነ አንተ ለምን አትቆርጠውም?»

ኮራ ብሎ አያት። «እኔማ አጣምሜ መቁረጥ አልችልም።»

መቀሱን ተቀብላ ዳሩን አጣማ ሸረከተችውና ወጣች። ከኋላዋ «ኧረ ጉድ፣ እንዲህ ይቆረጣል?» እያለ ሲያጉረመርም ሰማች፤ ብዙም ሳይቆይ መኪናው ተንጣጣ። ኩሽና ስትደርስ ድስቷ አርሯል። እሱን የሚጠግንላት አልነበረም።