የልጄ ጽጌረዳ በሽታ አላመጣችም

ልጄ ሰፈራችን ውስጥ የአበባ በሽታ አላመጣችም። አመጣች ተብሏል። በእድር ስብሰባ፣ በሰው ፊት ተብሏል። በዚያ ምክንያት፣ ልጄ የተከለቻት ቀይ ጽጌረዳ እኔ በሌለሁበት ከደጄ ተነቅላ ተቃጥላለች። በደሉ ይህ ነው፤ እንዲጻፍልኝ የምፈልገውም ይህ ነው። የሚጽፍልኝ ስላጣሁ እኔው ጻፍኩት። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ያየሁትን ለመጻፍ ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል።

ያለሁት ሸነን ነው። ከአምቦ በሚኒባስ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ጋቢ ይደርባል። አበባም እንደ ሰው ነው። አምቦ ላይ ተመችቷት የምታብብ ጽጌረዳ እኛ ጋ ስትመጣ ክረምቱን ሙሉ ቅጠሏ ከጭጋግ አይደርቅም። ከዚያ ከተረፈች ደግሞ ኅዳር ላይ ውርጭ ይጠብሳታል። ስለዚህ በሰፈሩ ያለው ጽጌረዳ ጥቂት ነበር፤ በማን ደጅ ምን ቀለም እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ቢጫ የነበራት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ።

ልጄ አስተማሪ ነበረች። ቀይዋን ከአምቦ በፌስታል ይዛት መጣች።

«እማዬ፣ ይቺን ብርድ አይገድላትም ብሎኛል ሻጩ።»

«ሻጭ ምን እንዲል ፈልገሽ ነው?» አልኳት።

ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ መርጣ በሩ አጠገብ ተከለቻት። ሁለት ክረምትና ሁለት ውርጭ አለፈች፤ አልሞተችም። በሦስተኛው ክረምት የሞተችው ልጄ ናት። ኮሮና ከመምጣቱ ሦስት ክረምት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ። ሕመሟ አምስት ቀን ብቻ ነበር። የአምስት ዓመት ሴት ልጅ ትታለች፤ አባቷ አምቦ ወሰዳት።

በሰፈራችን ሰው ሲሞት የእድሩ ሴቶች በየደጁ እየዞሩ አበባ ይቆርጣሉ። የሚቆርጡበት አንድ መቀስ ነው፤ የእድሩ ንብረት ነው፤ ከድንኳኑና ከድስቶቹ ጋር ይቀመጣል። የተቆረጠው ሁሉ በአንድ ትልቅ ሳፋ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ሳጥኑ ላይ ይደረደራል። ከቀብር መልስ ሳፋው ውስጥ የቀረውን እንጨት አንጥለውም። እያንዳንዷ አንድ አንድ ይዛ ሄዳ አጥሯ ሥር ትሰካዋለች። ከያዘ የሟች መታሰቢያ ይሆናል። እኔም ለብዙ ሰው ሰክቻለሁ።

የልጄ ቀብር ዕለት አላለቀስኩም። ሴቶቹ እያዩኝ ይንሾካሾኩ ነበር፤ ሰማኋቸው፤ ግድ አልሰጠኝም። የማስታውሰው ሳጥኑ ራስጌ ላይ የነበሩትን ሦስት ቢጫ አበቦች ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እነሱን ስቆጥር ነው ቀብሩ ያለቀው። ማታ የተረፈውን እንጨት አንዷ ደጄ ላይ፣ ከቀይዋ ጎን ሰካችልኝ። ማን እንደሆነች አላየሁም።

በሚቀጥለው ክረምት የሰፈሩ ጽጌረዳ ሁሉ ታመመ። ቅጠሉ ላይ ጠርዙ የተፍረከረከ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ይረግፋል። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። መስከረም ሲጠባ በየአጥሩ የቆመው አበባ ሳይሆን እሾህ ያለው እንጨት ነበር። እውነቱን ልጻፍ፦ የቀይዋም ታችኛው ቅጠል ላይ ነጥብ ነበረባት። በዓይኔ አይቻለሁ።

ያን ሰሞን የልጅ ልጄን ለማየት አምቦ ወርጄ ነበር። ስመለስ በሩ አጠገብ ጉድጓድ አገኘሁ፤ ከጉድጓዱ ጎን አመድ። ከሚኒባስ ይዤው የወረድኩትን ዘንቢል ሳላስቀምጥ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ገብቼ ምሳ በላሁ።

ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል መጣች። «እድሩ ነው የወሰነው» አለች። «በሽታው ከአምቦ የመጣ ነው። ልጅሽ ናት ያመጣችው፤ ነፍሷን ይማርና። አውቃ አይደለም።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም አለ።»

«ሁሉም ሲል መጀመሪያ የሚል አንድ ሰው አለ» አልኳት። ወደ ቤቷ ገባች።

ያኔ እንኳ አልተናደድኩም። ሐዘኑ ያደነዘዘኝ መስሎኝ ነበር። በጥር የልጅ ልጄ ለእረፍት መጣች። ሦስት ቀን ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተጫውታ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«አኮ» አለችኝ፤ እዚህ አያት የምትጠራው እንደዚያ ነው። «እማዬ በሽታ አምጥታ ነው የሞተችው?»

የልጄን ሞት ምንም ላደርገው አልችልም ነበር። ለዚህ ግን የማደርገው ነበረኝ።

ወደ ግብርና ቢሮ ሄድኩ። ለአንድ ወጣት ባለሙያ የታመመውን ቅጠል በወረቀት ጠቅልዬ አሳየሁት።

«እማማ፣ የስንዴ ዋግ ቢሆን መድኃኒት ነበረን» አለኝ።

«አበባ አይታመምም?»

«ይታመማል። ሪፖርት አይደረግም እንጂ።»

ደግ ልጅ ነው፤ ወንበር ሰጠኝና አስረዳኝ። በሽታው እርጥብ ቅጠል ይወዳል። የረገፈው ቅጠል ላይ ያድርና ዝናብ ሲመታው ወደ ታችኛው ቅጠል ይረጫል። በተቆረጠ እንጨትም ይሄዳል፣ በመቀስም። ከመርጨት የሚሻለው የማትታመመውን መርጦ መትከል ነው አለኝ።

«እንዴት ነው የምትመረጠው?»

«በነሐሴ ሄደው ይዩ። በመስከረም ሁሉም ቆንጆ ነው።»

ነሐሴ እስኪደርስ ጠበቅኩ። ዝናቡ ሳያቆም አምቦ ወርጄ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጠውን ሰውዬ ፈለግኩት። ልጄን አስታወሳት። ቀይዋ ተቆርጣ የመጣችባት እናት ተክል ከመደቡ ጀርባ ቆማለች። ጎንበስ ብዬ የታችኛውን ቅጠል አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ንጹሕ ነው፤ መሬቱ ላይም የረገፈ የለም።

«ሃርሜ፣ ሰው መጥቶ አበባዋን ያሸታል» አለኝ ሰውዬው፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው። «እርስዎ ሆዷን ይመረምራሉ።»

«ታማ ታውቃለች?»

«እኔ አበባ ነው የምሸጠው፤ የጤና ምስክር ወረቀት አልሰጥም።»

«እኔ ግን የመጣሁት ለእሱ ነው» አልኩት።

የእናቲቱ ንጹሕ መሆን የልጅቷን ንጽሕና አያረጋግጥም፤ ይህን አውቃለሁ። ከእሷ አንድ ቁራጭ ገዛሁ። ከአበባ እርሻ የመጣች ናት ያላትን፣ አበባዋ ቡጢ የሚያህል ሮዝ ቀለም ያላትንም ጨመርኩ። እሷን ያየ ሁሉ ይመርጣታል።

በዚያው ሰሞን ለዘመድ ሰርግ ሐሮ ወንጪ ወጣሁ። ብርዱ ከእኛም ይብሳል። በአንዲት ገበሬ አጥር ላይ፣ ከቀጋው ጋር ተጣብቃ፣ ትንንሽ ነጭ አበባ ያላት ጽጌረዳ አየሁ። ቅጠሏ ወፍራም ነው፤ ዘይት የተቀባ ይመስላል። ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ነጥብ የለም።

«ምን ታደርጊላታለሽ?» አልኳት ሴትዮዋን።

«ምን አደርግላታለሁ? በግ ሲበላት እጮሃለሁ።»

ስሟን አታውቅም። አያቷም አታውቅም ነበር አለች። በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

አራት ጽጌረዳ አንድ ረድፍ ላይ ተከልኩ፦ ቀይ፣ ሮዝ፣ ነጭ፣ አራተኛዋ ከቀብሩ ሳፋ ተርፋ ደጄ ላይ የተሰካችው። እሷ ይዛ ነበር፤ በሰኔ ስታብብ ቢጫ ሆና ተገኘች። ከቦታዋ አውጥቼ ከሌሎቹ ጋር አሰለፍኳት። በየሁለቱ መሀል ሁለት እርምጃ፣ ለእያንዳንዷ አንድ አካፋ ፍግ፣ በአንድ ጣሳ የተለካ ውሃ፤ እሱም ሥሯ ላይ እንጂ ቅጠሏ ላይ አይደለም። ለቀይዋ ማድላት አማረኝ። አላደላሁም። ካደላሁማ እንደ እድሩ ሆንኩ ማለት ነው።

መቀሴን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሳልፍ በአረቄ እጠርገው ነበር። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ አረቄ ቤት ገብቼ አላውቅም። ስገባ ባለቤቷ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ወይ ጉድ! እናንተም ጀመራችሁ?»

«ለመቀስ ነው።»

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው» አለችና ቀዳችልኝ። እሁድ ዕለት ቸርች ውስጥ ሁለት ሴቶች ከአጠገቤ ፈቀቅ ሲሉ አየሁ። በኋላ ኮሮና መጥቶ ሳኒታይዘር በየሱቁ ሲሸጥ ስሜ ተመለሰ።

የጻፍኩበት ደብተር የልጄ ነው። የተማሪ ስም መጥሪያ ነበር፤ ግማሹ ባዶ ቀርቷል። በስም ቦታ ቀይ፣ ሮዝ፣ ነጭ፣ ቢጫ ብዬ ጻፍኩ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጎንበስ ብዬ አያቸውና ደህና ከሆነች መስመር፣ ከታመመች ነጥብ አደርግ ነበር። ከላይ በልጄ እጅ የተጻፉ የልጆች ስሞች አሉ። መጀመሪያ ገጹን ሸፈንኩት። በኋላ መሸፈኑን ተውኩ።

ሦስት ክረምት ጻፍኩ። ሦስቱንም ክረምት ቀድማ የምትታመመው ቢጫዋ ናት፤ ዝናቡ ገና ሳይጠና፣ በሰኔ መጨረሻ ነጥቡ ይወጣባታል። ሮዟ ትከተላለች። ያቺ ቆንጆ ሁለተኛውን ኅዳር አላለፈችም፤ ውርጭ እስከ ሥሯ አጠቆራት። ነጯን ምንም አልነካትም፤ በሽታም፣ ብርድም። ቀይዋ ጫፏ ይቃጠልና በየካቲት ከታች እንደገና ታወጣለች። በመጀመሪያው ክረምት ነጥብ ወጣባት፤ የወጣው ግን የቢጫዋ ቅጠል ነፋስ ወስዶት ከሥሯ ከተከማቸ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የረገፈውን በየቀኑ እየለቀምኩ አቃጠልኩ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ክረምት በቀይዋ መስመር ላይ ነጥብ የለም።

በሦስተኛው ነሐሴ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደብተሩን ይዤ ቢጫዋ ፊት ቆምኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አበባ ነበራት። ሳጥኑ ራስጌ ላይ የነበሩት ሦስቱ ታወሱኝ። ልጄ ስትሞት በሰፈሩ ቢጫ የነበራት አንዲት ሴት ናት። ይህን ለማወቅ ሦስት ክረምት አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ የማስብ ሰው አልነበርኩም።

ወደ ጎረቤቴ አልሄድኩም። ልጄ የተወቀሰችው በእድሩ ፊት ነው፤ የምጠይቀውም በእድሩ ፊት እንዲሆን ፈለግኩ። መስከረም ላይ በተደረገው ስብሰባ ደብተሩን ይዤ ተነሳሁ። የልጅ ልጄ ገና ትምህርት ስላልተጀመረ እኔ ጋ ነበረች፤ አሥር ዓመቷ ነው፤ ከኋላዬ ተቀምጣለች።

ሰብሳቢዋ «እንዴ፣ አበባ አሁን የእድር ጉዳይ ነው?» አለች።

«ሲነቀል የእድር ጉዳይ ነበር» አልኳት።

አንዳንዶቹ ሳቁ። ደብተሩን አነበብኩላቸው፤ ሦስቱንም ክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም። ሳነብ ድምፄ እንደ ገበያ ዋጋ ነጋሪ ነበር ብላኛለች የልጅ ልጄ በኋላ። ስጨርስ ስለ ሳፋውና ስለ መቀሱ ነገርኳቸው፤ በየአጥራችን ስለሰካነው እንጨትም። ከልጄ ቀብር ወዲያ ሁላችንም በእጃችን ነው በሽታውን ወደ ቤታችን የወሰድነው፤ እኔም ጭምር። ሳቁ ቆመ። ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ።

«ቢጫዋን ማን ቆረጣት?»

«እኔ ነኛ» አለች። «ሌላ ማን አላት?»

«ስትቆርጫት ታማ ነበር?»

ነጠላዋን አጠበቀች። መሬት መሬት አየች። ሰብሳቢዋ ወደ ሌላ ጉዳይ እንለፍ ልትል አፏን ከፈተች፤ እጄን አንስቼ አስቆምኳት።

«ታማ ነበር» አለች ጎረቤቴ። «ቅጠሏን እቤት አራግፌ አበባውን ብቻ ይዤ መጣሁ፤ ማንም እንዳያይ። በዓመቱ ሁሉም ሲታመም ፈራሁ። ጣት ወደ እኔ ሳይዞር ከአምቦ የመጣ ነው አልኩ። መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እያወቅሽ ለምን ለቀብሯ አመጣሽው?»

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ከትከሻዬ በላይ የልጅ ልጄን።

«ልጄን ማንበብ ያስተማረችው እሷ ናት» አለች። «ባዶ እጄን ልምጣ?»