ጋሼ ዳልካሶ እንግዳ የጠበቁበት ጊፋታ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም እንኳ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለቄስ መናዘዝ የለም። ምስክርነት ግን አለ፤ ሰው ጉባኤ ፊት ቆሞ የሠራውን ይናገራል። እኔም ቆሜያለሁ። ስለ መጠጤ ተናግሬያለሁ፣ በመሬት ጉዳይ ወንድሜን ስለ መስደቤ ተናግሬያለሁ፤ ሰውም አልቅሶልኛል። ስለ ጋሼ ዳልካሶ ግን ትንፍሽ አላልኩም። አንተ የምታነበው አታውቀኝም፣ እኔም አላውቅህም፤ እስቲ አንተ ስማኝ።

ጋሼ ዳልካሶ ደራሲ ነበሩ። የሶዶን ገበያ፣ የእናቶቻችንን ክርክር፣ የእኛኑ ሳቅ በአማርኛ የጻፉ ሰው ናቸው። ከገሱባ እስከ ቦምቤ ያለ አስተማሪ መጻሕፍታቸውን እየተዋዋሰ አንብቧል። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ እሳቸው አርጅተው፣ ሚስታቸው ሞተው፣ ዓይናቸው ደክሞ ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንዲት ልጃቸው አዲስ አበባ ነች። አንባቢዎቻቸው ግን አልተዋቸውም። የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ በመጣ ቁጥር ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፣ አብረዋቸው ሥጋ ይበላሉ፣ ከመጻሕፍታቸው ጮክ ብለው እያነበቡ ያስቋቸዋል። ሽማግሌው ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት ለዚያች ቀን ነበር ብል አላጋነንኩም።

እኔ ጎረቤታቸው ነበርኩ። ማታ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ፣ የሚነግሩኝን ታሪክ እጽፍላቸዋለሁ፣ ሲያማቸው እግራቸውን አጥባለሁ። ቤታቸው ስልክ ስላልነበረ አንባቢዎቻቸው የሚደውሉት እኔ ወደምሠራበት ቢሮ ነበር። ጤንነታቸውን የሚጠይቁት እኔን፣ ሰላምታ የሚልኩት በእኔ። ወደ ጋሼ የሚወስደው በር እኔ ነበርኩ፤ ይህንንም እወደው ነበር።

አንድ ጊፋታ ላይ ቤቱ ሞልቶ ሳለ አንዱ እንግዳ እኔ ማን እንደሆንኩ ጠየቀ። ጋሼ ሳቅ ብለው፣ «እሱ ስልክ የሚቀበልልኝ ልጅ ነው» አሉ። በቃ። ከቦምቤ በዓመት አንዴ የምትመጣውን አስተማሪዋን አስቴርን ግን አጠገባቸው አስቀምጠው «ልጄ» አሏት። ማን ነው እግራቸውን ያጠበው? ማን ነው ምሽቱን የሰጣቸው? የከዱኝ መሰለኝ። ፈገግ ብዬ ግን የሥጋ ማባያውን ዳጣ አቀበልኳቸው። ዓመቱን ሙሉም ያንን ቃል እንደ ክፉ ጥርስ ይዤው ዞርኩ።

በእኛ አገር ጊፋታ ሲቃረብ የተቀያየመ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ሥጋ መቁረጥ ነውር ነው። በሚቀጥለው ዓመት በዓሉ ሊገባ ሲል ጋሼ ጠሩኝ። «በል እንግዲህ ጊፋታ ደረሰ። በእኔ ላይ ሆድህ ውስጥ ያለ ነገር ካለ አውጣው» አሉኝ። እሳቸው ይህን የሚጠይቁት ለወግ አልነበረም፤ መልሴን ጠበቁ። «ምንም የለም ጋሼ» አልኳቸው። አለ ብል ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር? ምናልባት ይስቁ ነበር፣ ምናልባት ይቅር በለኝ ይሉኝ ነበር። አላልኩም። መረቁኝ፣ ምርቃቱንም ተቀበልኩ።

በዚያው ሳምንት አስቴር ደወለች። «እንደ አምናው ሁላችንም ልንመጣ ነው፤ ጋሼ ደህና ናቸው?» አለች። እኔም ወዲያው፣ «ልጃቸው አዲስ አበባ ወስዳቸዋለች፤ በዓሉን እዚያው ናቸው» አልኳት። አዝና፣ ለገሱባዎቹም እኔ እነግራቸዋለሁ ብላ ዘጋች። ቀላል ነበር። እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ።

የበዓሉ ዕለት ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ከጠዋት ጀምሮ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጎረቤት ያመጣው የእንሰት ምግብ፣ ሙቹዋ፣ ቅቤው እየረጋ ጠረጴዛው ላይ ቆየ፤ እንግዶቹ ሳይመጡ አይነካም አሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ አዎ፣ አጠገባቸው። መኪና በተሰማ ቁጥር አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። ከሰዓት ላይ፣ «የገሱባ መንገድ ጭቃ ሆኖባቸው ይሆናል» አሉ። «ይሆናል» አልኩ። ሲመሽ፣ «ሰው እኮ ያረጀ ሰው ይሰለቸዋል፣ አይፈረድባቸውም» ብለው ተነሡ። ያኔም መናገር እችል ነበር። የረጋውን ሙቹዋ አንሥቼ ተከተልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ታሪክ ንገሩኝ ስላቸው «ለማን ብዬ?» ይሉኝ ጀመር። ሰዎቹ ሲደውሉም ተመልሰዋል ግን ደክመዋል፣ ሐኪም እንግዳ ከልክሏል እያልኩ ውሸቴን በውሸት ደገፍኩ። እውነቱን ብናገር እኔ ማን እሆን ነበር? ይህን ብቻ አስብ ነበር፤ ስለ እሳቸው አላስብም።

ቀጣዩ ክረምት ላይ ጋሼ ሆስፒታል ተኙ። አስቴር እናቷን ልታሳክም መጥታ ኖሮ ባጋጣሚ አየቻቸው። እኔ ሾርባ እያጠጣኋቸው ነበር። እጃቸውን ሳመችና፣ «ጋሼ፣ ባለፈው ጊፋታ ልንመጣ ስንል እሱ አዲስ አበባ ናቸው አለኝ። ከተማው ተስማማዎት?» አለች። ጋሼ በደከመ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞሩ። ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ።

«ተስማምቶኛል ልጄ» አሉ። «ልጄ በደንብ ይዛኝ ነበር።»

አላጋለጡኝም። እሷ ስትወጣ፣ «ሊመጡ ነበር?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ።» «ሁሉም?» «ሁሉም።» ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ የደስታ ይሁን የኀዘን ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ሾርባውን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ከዚያን ቀን በኋላ ከእኔ እጅ ምንም አልቀመሱም፤ እኔ እዚያው ቆሜ ነርሷን ይጠሩ ነበር። ጊፋታ ሳይደርስ ሞቱ።

ለቅሶው ላይ እንደ ልጅ ያገለገላቸው እያሉ ከፊት አስቀመጡኝ። አስቴር እጄን ይዛ፣ «እግዚአብሔር ይስጥህ፤ አንተ ባትኖር ብቻቸውን ነበሩ» አለችኝ። አሜን አልኳት።

ተቀይሜ ነበር ብዬ ራሴን አልከላከልም። የተቀየመ ሁሉ እንዲህ አያደርግም። ይቅርታም አልለምንም፤ ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ሾርባውን ገፍቶ ሄዷል። ግን አስቴር፣ ይህ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ፣ ጋሼ አዲስ አበባ አልሄዱም። ቤታቸው ነበሩ፤ እየጠበቋችሁ ነበር።