ከብር የተሠራው የቁስል ማጠቢያ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ቆሜ ሳለሁ አንዲት ወጣት «ናኖ» የሚል ቅባት አንስታ ጉዳት እንዳለው ጠየቀች። ሻጩ ቀና እንኳ ሳይል «ምንም የለውም» አላት። እኔም እንዲሁ ብዬ አውቃለሁ።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ወረታ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ገና ከትምህርት መውጣቴ ስለነበር የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ አዲስ የቁስል ማጠቢያ አስመጣ፤ ዛሬ «ናኖ» ከሚሉት፣ ለዓይን ከማይታይ የብር ማዕድን ብናኝ የተሠራ፣ ጀርም የሚፈጅ ነው ተባለ።

አቶ አለበል የሚባሉ የፎገራ ገበሬ ክረምቱን ውሃ ውስጥ ቆመው ሩዝ ሲያርሙ ቅልጥማቸው ቆስሎ መጡ። ማጠቢያው ጉዳት እንዳለው ቢጠይቁኝ «ምንም የለውም» አልኳቸው። በዚያ ማጠቢያ በሦስት ሳምንት ደረቀላቸው። ከዚያ በኋላም በየገበያው ቀን ጠርሙስ ይገዙ ነበር። የጎረቤቱን ቁስል ሁሉ የሚያጥቡ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በዓመቱ፣ ሩዙ ለአጨዳ ሲደርስ፣ ጋቢ ተከናንበው ገቡ። ሲገልጡት እጄ ላይ የነበረው ሳህን ወደቀ። ፊታቸው አመድ የነሰነሱበት ሰማያዊ ሆኗል፤ ጥፍራቸው ሥር ሳይቀር። ማጠቢያውን ምን አድርገውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ጠጣሁት እንጂ የኔ ልጅ» አሉ። «ጠበል ስንወርድ እንታጠባለን፣ እንጠጣለንም። ቁስል ያዳነ ጨጓራየን አያቅተውም ብየ።»

እኔስ ጠበል ጠጥቼ አይደል ያደግሁት? እንዳይጠጡት መንገር እንዴት ጠፋኝ!

ባሕር ዳር ይዣቸው ሄድኩ፤ የቆዳ ሐኪሙ የማጠቢያው ብር ቆዳቸው ውስጥ መቅረቱን፣ ፀሐይ እንዳጠቆረውና እንደማይለቅ ነገረን። ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍም ጨመረ። የአገሩ ሰው ግን ቁምጥና ነው ብሎ የአጨዳውን ወንፈል ከለከላቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ፣ በሽታ እንዳልሆነ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። አምስት ሰው ብቻ ማጭድ ይዞ መጣ። የቀረው ሩዝ እማሳው ላይ ረገፈ።

«እግሬንስ አድነሽልኛል» አሉኝ፣ እኔኑ ሊያጽናኑ። ያን ቀን እንዳለቀስኩት አልቅሼ አላውቅም።

አሁን ፀጉሬ ሸብቷል፤ ድንጋጤው ግን አልለቀቀኝም። አቶ አለበል በሕይወት አሉ። ከዚያ ዓመት በኋላ የወለዷት የመጨረሻ ልጃቸው ዛሬ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። የአባቷ መልክ ሲፈጠርም እንዲያ ሰማያዊ የነበረ ይመስላታል አሉ።