ተዝካር ያልወጣለት ባላባት

የወሰዱኝ ከክፍል ጠርተው ነው። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። መካነ ሰላም፣ አንድ ግቢ ጓሮ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ከፍተው አስገቡኝ። የስንዴ ብናኝ ሽታ ገና አልለቀቀውም። ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ከአቀስታ በላይ ካለ ደብር የመጡ ሽማግሌ ቄስና አንድ የደጎሎ ሚኒባስ ሾፌር። ቄሱ ከተቀመጡበት ጆንያ ቦታ ለቀቁልኝና «ቁጭ በል ልጄ፤ ወለሉ ይበርዳል» አሉኝ።

እኔ በክፍል ውስጥ ፖለቲካ ተናግረሃል ተብዬ ነው። ሾፌሩ ማንን እንዳሳፈረ ይጠየቃል። የቄሱ ይከብድ ነበር። ወታደሮች መጥተው ራበን ቢሏቸው አበሉ፤ እነሱ ሲወጡ ታጣቂዎች መጡ፣ እነዚያንም አበሉ። መርማሪው እየጠራ፣ ታጣቂዎቹን ያመጣው አጥር የሚጋራዎት ጎረቤት ነው ይበሉና ወደ ቤትዎ ይሂዱ ይላቸዋል። እውነት ይሁን ሐሰት አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

አንድ ቀን ከሰዓት ታሪክ ንገረን አሉኝ። የታሪክ አስተማሪ ብሆንም የአገራችንን ማንሳት ያኔ ያስፈራ ስለነበር ሩቅ አገርና ሩቅ ዘመን መረጥኩ። በመካከለኛው ዘመን፣ ከፈረንሳይ ጫፍ፣ ብሪታኒ በምትባል የባሕር ዳር አገር ስለኖረ አንድ ባላባት አወራሁላቸው። የአባቶቹ ርስት ብሪታኒ ነው። አያቱ ለእንግሊዝ ንጉሥ ዘምቶ ስለነበር ከባሕር ማዶም ጉልት አለው። በመርከብ እየተመላለሰ አደገ፤ ሚስቱንም ከወዲያ አገባ። ኋላ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ነገሥታት ተጣሉና ሁለቱም የማን ሰው ነህ አሉት።

«ማንን መረጠ?» አለ ሾፌሩ።

ለሁለቱም ምያለሁ፣ አንዱንም አላፈርስም ማለቱን ነገርኩት። እንግሊዙ ጉልቱን ነጠቀው። የፈረንሳዩም አላመነውምና አሰረው። አርጅቶ ሲፈታ ልጆቹ ከባሕር ማዶ ቀርተው ነበር፤ በተወለደበት ቤት ብቻውን ሞተ።

 «ተዝካሩን ማን አወጣለት?» አሉኝ ቄሱ።

ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አላውቅም አልኳቸው። የክርስትና ስሙንም ጠየቁኝ፤ እሱንም አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራቸው። ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ ጋቢያቸው ላይ የተጣበቀውን ገለባ አራግፉልኝ ብለውን ወጡ። ቀትር ሲያልፍ ተመለሱ። ምን እንዳሉት ስንጠይቃቸው፣ ደጄ ላይ ራበኝ ያለ ሁሉ እንግዳዬ ነው፣ ሌላ የምጨምረው የለኝም ማለታቸውን ነገሩን። ወደ ደሴ ሊወስዷቸው ነው። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዳቦው ሲመጣ ቄሱ እንዳንቆርስ እጃቸውን ዘረጉ።

«ነገ የት እንደምውል አላውቅም። ያን ሰውዬ ዛሬ እናስበው።»

ፍትሐት ያለ ስም አይሆንም፣ መታሰቢያ ግን ለማንም ይሆናል አሉ። ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ እኔም ተከተልኩ። ሾፌሩ እጁን ዘርግቶ በእስልምናው ዱአ አደረገለት። በሩ ተከፈተና ጠባቂው አንገቱን አስገብቶ ማን ሞቶባችሁ ነው አለ።

«አንድ ባላባት» አሉት ቄሱ። «ዘመድ አልነበረውም።» ከዳቦው ቆርሰው ዘረጉለት። ጠባቂው ትንሽ አመነታና ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ሁላችንም በየጊዜያችን ተፈታን። እኔ ዛሬም አስተምራለሁ። ያ መጋዘን ናፈቀኝ ብል ሰው ይስቅብኛል፤ ግን ያን ከሰዓት፣ ያን ደረቅ ዳቦ፣ የቄሱን የሰለለ ድምፅ እናፍቃለሁ።

ቄሱ ወደ ደብራቸው ተመልሰው ጥቂት ዓመት ቀደሱ። ያረፉት አምና ነው። አርባቸው ሲወጣ ከሾፌሩ ጋር ሄድን። ዳሱ ሞልቶ ሰው ደጅ ላይ ተቀምጧል። ጠላ የሚቀዳው፣ እንግዳ የሚያስተናግደው አጥር የሚጋራቸው ጎረቤት ነበር። እኔም ሾፌሩም ምንም አልነገርነውም። ለመንገደኛ ነው ብሎ ጣሳዬን እስከ አፉ ሞላልኝ።