ዛሬ ለካውንስለሯ እሺ አላልኩም

ዛሬ ባሕር ማዶ በምንኖርበት፣ በርክ በሚባል ሰፈር ባለው የልጄ ትምህርት ቤት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የትምህርት ቤት ሰውን «አይሆንም» አልኩ!

ልጄ ሳሮን በሚመጣው ዓመት አድቫንስድ የሚባለው፣ ከፍ ያለው የሒሳብ ክላስ መግባት ትፈልጋለች። ተማሪዎችን በየክላሱ የምትመድበው አማካሪ፣ ካውንስለሯ፣ ግን ፈገግ ብላ፣ «ሬጉላሩ፣ መደበኛው ክላስ ይሻላታል፤ እዚያ የሚገቡት ልጆች አስጠኚ ያላቸው ናቸው» አለችን።

እኔ ያደግኩት አስተማሪ ሲናገር አንገቴን ደፍቼ «እሺ» እያልኩ ነው። ሳሮን ይህን ስለምታውቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ማሚ፣ ፕሊስ እሺ እንዳትይ! የሌሎቹ ልጆች ወላጆች እኮ እሺ አይሉም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እዚህ ሰፈር ወላጅ «ልጄ ለምን ቢ ፕላስ ተሰጠው?» ብሎ እንኳን ይሟገታል።

ከቴሌቪዥንና ከልጄ አሮጌ መጻሕፍት በለቃቀምኩት እንግሊዝኛ፣ «አይሆንም። ያለ አስጠኚ ኤ ያመጣች ልጅ ለምን አትገባም?» አልኳት። ዓይኔን ከዓይኗ አላነሳሁም።

ካውንስለሯ የሳሮንን ውጤት ከኮምፒውተሯ አየት አደረገችና፣ «ልክ ነሽ» ብላ እዚያው መዘገበቻት!

መኪና ውስጥ ሳሮን በደስታ አቀፈችኝ። «አሁን አዲስ ስልክ ይገባኛል፣ አይደል?» አለችኝ።

ለእሷም «አይሆንም» አልኳት። ቃሉ ጥሞኛል።

እናንተስ «እሺ» ማለት የተዋችሁት የት ነው? እስቲ አጫውቱኝ።