በገበሬው ሳሎን

የዚያ ሰውዬ ፊት ያንገሸግሸኝ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ፓርክዴል አጠገብ ሙዚየም የሆነ የገበሬ ቤት አጸዳ ነበር፤ ሰውዬው በዘይት ቀለም ተስሎ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያፈጥብኛል። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ከአየርላንድ ረሃብ ሸሽቶ በመርከብ የመጣ ድሃ ነው። ጫካ መነጠረ፣ ስንዴ ዘራ፣ ከበረ፣ የአካባቢው ምክር ቤት አባል ሆነ። እስከዚህ ድረስ ጎሽ ያሰኛል። ወንበሩ ላይ ከተደላደለ በኋላ ግን መጀመሪያ ያደረገው ነገር፣ ከእሱ በኋላ የመጡትን የአገሩን ልጆች ወንዝ ዳር ከቀለሷቸው ጎጆዎች ማስነሣት ነበር። ሙዚየሙ ይህንን «ሰፈሩን አጸዳ» ብሎ በሚያምር ፊደል ጽፎታል። አቧራውን የምጠርግለት ደግሞ እኔ ነኝ።

የሰፈራችን ተመራጭ እኛን ለማነጋገር የመረጠው እንግዲህ ይህንን ሳሎን ነው። እኔና ያገሬ ሰዎች የምንኖረው ክፍል በክፍል ተሸንሽኖ በሚከራይ፣ ኩሽናው የጋራ በሆነ አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ተመራጩ እንዲህ ያሉ ቤቶችን ሊያዘጋ ተነሥቷል። ከዚያ ከወጣን በምንችለው ኪራይ የሚያስገባን አልነበረም።

እኔ አስተርጓሚ ተደረግሁ። ተመራጩ አፕል ፓይ የሚሉትን የፖም ኬክ አቀረበልንና ከሥዕሉ ሥር ቆሞ የገበሬውን ታሪክ እያጣጣመ ተረከ። ስለ ጎጆዎቹ ትንፍሽ አላለም። ስለ ቤታችንም «የተሻለ ኑሮ አስቤላችኋለሁ» ብሎ አለፈ። ያንን ሁሉ ቅባት የተቀባ ንግግር ቃል በቃል ተረጎምኩት።

ሲጨርስ ከእኔ ክፍል በታች የሚኖሩት አባባ ተነሡ። እኛ ዘንድ ጋባዥን ሳይመርቁ መውጣት ነውር ነው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አብልተውናልና እግዜር ይስጥልን፤ እንደዚያ ገበሬ ያድርግዎ!» አሉ። ሁሉም ቆሞ «አሜን!» አለ። ተመራጩ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ደስታው ፊቱን አቀላው።

በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ተከራዮቹ ራሳቸው ቆመው፣ አሜን ብለው ደግፈውኛል።» ከኋላ ተቀምጬ ነበርና ተነሣሁ። ምርቃት ላበላ ሁሉ የሚሰጥ ነው፣ ድጋፍ አይደለም ብዬ ተናገርኩ። ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ አመሰገነችኝና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈች። ፈገግታዋ ከእሱ ውሸት ይበልጥ አስጠላኝ። ቤቱ ተዘጋ።

የምንወጣ ዕለት አንዷ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ ቆማ «ሳይን አላደረግንም እኮ! ማናችንም ወረቀት ላይ ሳይን አላደረግንም!» እያለች ትጮህ ነበር። አባባ ፍራሻቸውን ጠቅልለው በገመድ ያስራሉ። ጫፉን ያዝኩላቸው።

«አንተ እዚያ ትሠራለህ» አሉኝ። «ያ ገበሬ ከተሾመ በኋላ ምን አደረገ?»

«እንደ እሱ ተሰደው የመጡትን ከቤታቸው አስወጣ፣ አባባ።»

ገመዱን ጠበቅ አደረጉት።

«እንግዲያማ ምርቃቴ ደርሶለታል» አሉ።